መሐል ላይ የቀረው መቀየሪያ

ተወልጄ ያደግሁት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። ጉልበቴን የጨረስኩት ደግሞ ጠመንጃ በመጠገን ስለሆነ፣ የሰፈርህ ስም ነው የመራህ እያሉ የሚቀልዱብኝ አሉ። እውነቱን ለመናገር በልጅነቴ የተመኘሁት ልብስ ሰፊ መሆን ነበር። አባቴ «ልብስ ሰፊ ጎብጦ ይሞታል» ብለው ወታደር ቤት ሰደዱኝ። ብረት ላይ አቀርቅሬ ስጎብጥ ሳያዩ ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ዘንድሮ ጌጃ ሰፈር የነበረችኝን የብረታ ብረት ሱቅ ዘጋሁ። ጦሩ ከተበተነ ወዲህ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁልፍ ስቀርጽ፣ በር ስበይድ፣ የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ኖሬያለሁ። አሁን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሞረድ የያዘ እጅ ከተንቀጠቀጠ ቁልፉ በር አይከፍትም፤ ደንበኛውም ተመልሶ መጥቶ ይሳደባል። ጡረታ የወጣሁት እንዲህ ነው። የወታደር ጡረታዬን አታንሱብኝ፣ ወሬው ከገንዘቡ ይረዝማል።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በታች ናሆም የሚባል ወጣት አለ። ሜክሲኮ ሞባይል ይጠግናል። ከቅርቡ ጦርነት የተመለሰው ቀኝ እግሩ ውስጥ ብረት ተተክሎለት ነው፤ ደረጃ የሚወጣው ግድግዳውን እየተደገፈ ነው። እኔ በዕድሜዬ፣ እሱ በእግሩ ምክንያት ቀስ እያልን ስንወጣ ስንወርድ ተግባባን። ከልጆቼ ይልቅ ስለ አለቃዬ ስለ ባሻ ደግፌ ብዙ የሰማው እሱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኩን አውጥቶ የአንድ አዲስ ጠመንጃ ፎቶ አሳየኝ። ጥቁር ነው። አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ፣ ሰደፉ እንደ ዣንጥላ እጀታ የሚረዝምና የሚያጥር፣ አናቱ ላይ መነጽር፣ ከአፈሙዙ ሥር የእጅ ባትሪ የተሰካበት። እንጨት የሚባል ነገር አልነካውም።

«ጋሼ፣ አለቃዎ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?» አለኝ።

«ጠመንጃው የታለ ብለው ይጠይቁሃል» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ ሩቅ አልሄደም። ባሻ ደግፌ ለዘመናቸው አዲስ የነበረውን ጠመንጃ አይተው ምን እንዳሉና ምን እንዳደረጉ አውቃለሁና።

ጥገና ክፍል ስመደብ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ሻምበል ባሻ ደግፌ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጉንጫቸው የገባ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ የሚል ሰው። ስሜን ከመጠየቃቸው በፊት እጄን አዩ። የቀኝ አውራ ጣቴን ጥፍር አዩና «ይህን እስከ ሥሩ አትቁረጠው፣ መስተዋትህ ነው» አሉኝ። ያልገባኝ መሆኑን አይተው አንድ ጠመንጃ ከፍተው አሳዩኝ። ጥፍራቸውን ጥይት በሚጎርሰው በኩል አስገብተው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ በአፈሙዙ ስመለከት የጥፍራቸው ነጸብራቅ የበርሜሉን ውስጥ ወለል አድርጎ አሳየኝ። ዝገቱ፣ ጭረቱ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። እስከዛሬ ያንን ጥፍር አሳድጋለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የአዝማሪ ጥፍር እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሥራ ሲጀምሩ ቀለበታቸውን አውልቀው በመሐረብ ይቋጥሩታል። ጠመንጃ ተከፍቶ ሳለ አያወሩም። ከሁሉ በፊት ያሸቱታል። «ይህ ልጅ በናፍጣ ነው ያጠበው» ይሉ ነበር፤ ልጁ ተጠርቶ ሲጠየቅ በናፍጣ ነው። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የጠገኑትን ጠመንጃ ራሳቸው አንድ ጥይት ሳይተኩሱበት ለባለቤቱ አይመልሱም። ሁለት ጥይት ግን በጭራሽ አይተኩሱም። አንዱ ከነገራቸው ሌላው ብክነት ነው።

የጥይት ነገር ከልጅነታቸው የመጣ ነው። በጠላት ወረራ ጊዜ ገና አፍላ ልጅ ሳሉ አባታቸውን ተከትለው በረሃ ገብተዋል። የያዙት ምንሽር ከቁመታቸው ይረዝም ነበር። ጥይቱ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ተኩሶ የሳተ ሰው ማታ እህል ሲቀርብ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆርሰው፤ ማንም አይቆጣውም፣ ብቻ መጨረሻ ላይ ይቆርሳል። ባሻ ይህን ሲያወሩ ረኃቡን ሳይሆን ኀፍረቱን ነበር የሚያስታውሱት። «ምንሽር ሰውን ያምናል» ይሉኝ ነበር። «አንድ ተኩሰህ እስክታቀባብል ድረስ አስብ ይልሃል። የማያስብ ሰው ምንሽር አይዝም።»

ከአብዮቱ በኋላ የአሜሪካኖቹ ጠመንጃ ቀርቶ ክላሽ በሣጥን ሣጥን መጣ። ቅባቱን ጠርገን የመጀመሪያውን ስንሰጣቸው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ውስጡ ይንኳኳል። ባሻ የሚያውቁት ጥሩ ጠመንጃ ደግሞ አይንኳኳም። «ሠርተው የጨረሱት ነው ወይስ እኛ እንድንጨርሰው ነው የላኩት?» አሉና ሁላችንንም አሳቁን። ከዚያ ወደ ደጅ ይዘውት ወጡ፤ አሸዋ ውስጥ ቀበሩት፣ አውጥተው የጭቃ ውኃ አፈሰሱበት፣ ተኮሱ። ተኮሰ። ደገሙት፣ አሁንም ተኮሰ። በሕይወቴ ሁለት ጥይት ሲተኩሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉለትና «ይህን የሠራው ሰው ብልህ ነው፤ ወታደርን ግን አያምንም» አሉ። ወታደሩ አያጸዳም፣ አያነጣጥርም፣ ይደነግጣል ብሎ አስቦ ነው የሠራው፤ ለሚደነግጥ ሰው የተሠራ ጠመንጃ ደግሞ የማይደነግጠውንም ያበላሸዋል፤ ሐሳባቸው ይህ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክላሽ ብለው ጠርተውት አያውቁም። ፈንዲሻ ነበር የሚሉት፤ በተከታታይ ሲተኮስ ብረት ምጣድ ላይ የሚፈነዳ በቆሎ ይመስላል ብለው።

መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ዘመትን። እዚያ ፈንዲሻው ራሱን አስመሰከረ፤ አቧራው ሌላውን መሣሪያ ሁሉ ሲያንቅ እሱ ይተኩስ ነበር። ባሻም «ሰነፉን አትርፎታል» ብለው አመኑ። ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ተዛወርን። የተረገመው ነገር የሆነው እዚያ ነው።

ሰሜን ድንኳናችን ከአንድ ተራራ ሥር ነበር። ጫፉ ላይ አንድ ሻምበል ጦር ሰፍሯል፤ አብዛኞቹ ከእርሻና ከከተማ ተለቅመው ጥቂት ሥልጠና የወሰዱ ልጆች ናቸው። ጥይት የሚወጣላቸው በበቅሎ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ አይወጣም። አንድ ምሽት ዘብ የቆሙት ልጆች የጅብ ኮቴ ሰምተው ደነገጡና የጥይት ካዝናቸውን አራገፉ። የእነሱን ተኩስ ሰምቶ የቀረውም አራገፈ። በማግስቱ ጅቡም አልተገኘም፣ ጥይቱም የለም። ተራራውን ከታች ሆኖ የሚያዝዘው ሻለቃ በንዴት እየጨሰ ወደ ጥገና ክፍል መጣ።

እኔ ይህን በዓይኔ አላየሁም። ወባ ጥሎኝ ኋላ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ስመለስ ባሻን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ምን እንደሠሩ ሊነግሩኝ ቸኩለው ሻይ እንኳ ሳልጠጣ አስቀመጡኝ።

ክላሽ በቀኝ ጎኑ የተኩስ መቀየሪያ አለው። ላይ ሲሆን ተዘግቷል፤ መሐል ሲሆን በተከታታይ ይተኩሳል፤ ታች ሲወርድ በነጠላ። ባሻ የተራራውን ጠመንጃ ለጽዳት እያሉ በየተራ አስወርደው፣ የመቀየሪያውን ውስጠኛ ጫፍ በሞረድ ቀንሰውታል። ከውጭ ምንም አይታይም። መቀየሪያው እንደ ድሮው ላይ ይላል፣ ታች ይላል፤ ግን መሐል ላይም ቢሆን ጠመንጃው ከአንድ በላይ አይተኩስም። ቃታውን ለቀው እንደገና ካልሳቡ ሁለተኛ ጥይት የለም። ሥራው እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነበር። በደንባቸው መሠረት እያንዳንዱን አንድ አንድ ጥይት ተኩሰው ሞክረዋል፤ አንድ ጥይት ደግሞ ይህን ዓይነት ነገር አይናገርም።

«ልጆቹ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ሲተኩሱ ያውቁታል» አሉኝ። «ጥይት አንድ አንድ እየወጣ የማያነጣጥር ሰው የለም። እኔ የሰጠኋቸው ማነጣጠርን ነው።»

ተሳስተው አይቼ ስለማላውቅ አመንኳቸው።

ጠላት የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ከታች ሆነን የምናደርገው ስላልነበረ ከድንኳኑ ወጥተን ማዳመጥ ብቻ ሆነ። ከተራራው ጫፍ ነጠላ ተኩስ ይሰማል፤ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ። ባሻ ክንዴን ያዙኝ። «ስማ፣ እያነጣጠሩ ነው» አሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ምነው ያንን ፊት ባላየሁት እላለሁ።

ወዲያው ከወዲያ ማዶ ረጅሙ ተኩስ ጀመረ፤ ሳይተነፍስ የሚንጣጣ፣ ብዙ። በዚያ መሐል የእኛ ልጆች ነጠላ ተኩስ አልፎ አልፎ ይሰማ ነበር። ከዚያ እየሳሳ ሄደ። ከየት በኩል እንደቀነሰ እንኳ መለየት ይቻል ነበር፤ መጀመሪያ ከግራ ጠፋ፣ ቀጥሎ ከመሐል። በመጨረሻ አንድ ብቻውን የሚተኩስ ቀረ። እሱም ዝም አለ። ባሻ ክንዴን አልለቀቁም፤ ጣታቸው የያዘበት ቦታ ለቀናት ሰንበር ሆኖብኝ ነበር።

ረዳት ጦር በጎን ደርሶ ጠላትን ስላባረረው ተራራው ተመለሰ፤ ጠላትም መሣሪያ ለመልቀም ጊዜ አላገኘም። ልጆቹ እዚያው ተቀበሩ። ወደ እኛ የወረደው ጠመንጃቸው ነው፤ በበቅሎ ተጭኖ መጥቶ ድንኳኑ ፊት ተራገፈ። ሥራችን አጽድቶ ለሌላ ሰው ማዘጋጀት ነበር። ባሻ ቀለበታቸውን አውልቀው ቋጠሩና የመጀመሪያውን አነሡ። ሳያሸቱት መቀየሪያውን አዩ። መሐል ላይ ነበር። ሁለተኛውንም አነሡ፤ መሐል ላይ። ሁሉም መሐል ላይ ነበሩ። ልጆቹ ሞት ሲመጣባቸው በተከታታይ እንዲተኩስ መቀየሪያውን አውርደዋል፤ ጠመንጃው ግን አንድ ተኩሶ ቆሟል። ተበላሸብኝ ብሎ ሲነካካው የሞተው ስንቱ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። አንደኛው መቀየሪያውን በድንጋይ ቀጥቅጦታል፤ ብረቱ ተላልጦ የድንጋዩ ዱቄት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ካዝናዎቹን ስፈታ አብዛኞቹ ከግማሽ በላይ ጥይት ነበረባቸው። ጥይቱ አልባከነም። ይህን ለባሻ መንገር አላስፈለገኝም፣ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር።

የሚያጣሩ መኮንኖች መጡ። ሻለቃው «እኔ ያዘዝኩት ጽዳት ብቻ ነው» አለ። እውነቱ ሌላ መሆኑን የጥገና ክፍሉ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባሻ ሐሳቡን ነግረውት፣ እሱም እሺ ብሎ፣ ቶሎ ጨርሱ ብሎ ነው የሄደው። ሁላችንም የባሻን አፍ ጠበቅን። «ያዘዘኝ የለም። የሞረድኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር የተረሸነ ሰው አይቻለሁ። እሳቸውም የጠበቁት ያንን ነው፤ ንስሐ አባት እንዲጠራላቸው ጠይቀው ነበር። ግንባሩ ግን በየቦታው እየተሰበረ ስለነበር የእሳቸውን ጉዳይ የሚያይ ጠፋ። እስኪወሰን ሥራህን ቀጥል አሏቸው። ከዚህ የከፋ ቅጣት ቢፈልጉ አያገኙም ነበር። ሞረድ ሲያነሡ አየሁ፣ መልሰው ሲያስቀምጡትም አየሁ።

ለተራራው ምትክ ጦር ሲመጣ አብሬ ልውጣ ብለው ጠየቁ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ ሰው ስለጠፋ እሺ አሏቸው። እኔ በእነዚያ ቀናት የተሞረዱትን መቀየሪያዎች እየፈታሁ በሌላ ስተካ ነበር። ባሻ መጥተው ከክምሩ ውስጥ ያንን በድንጋይ የተቀጠቀጠውን መዘው አወጡ። ገና አልነካሁትም ነበር።

«ባሻዬ፣ እሱ አልተሠራም። ይስጡኝ፣ አሁኑኑ እጨርሰዋለሁ» አልኳቸው።

«ተወው። እኔ ከአንድ በላይ አላውቅም» አሉኝ።

ቀለበታቸውን በመሐረቡ እንደተቋጠረ እጄ ላይ አኖሩት። «ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ለአስካለ» አሉ። አስካለ ልጃቸው ናት፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች። ከዚያ ዳገቱን ያዙ። ተራራው ከሳምንታት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ተወሰደ፤ ያን ጊዜ ግን አልተመለሰም፣ የወረደ ጠመንጃም የለም።

የቀረው የእኔ አገልግሎት ረጅም ነው፤ ግን የሚነገር ነገር የለውም። አለቆች ተፈራረቁ፣ አንዱ ጠጪ፣ አንዱ ጸሎተኛ። መጨረሻ ላይ ጦሩ ተበተነና በእግሬም በጭነት መኪናም ተንከራትቼ ሰፈሬ ገባሁ። ቀለበቱን ለአስካለ ሰጠኋት፤ የሆነውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ባይሞርደው ኖሮ ልጆቹ ይተርፉ ነበር?»

አላውቅም አልኳት። አንተ ካላወቅህ ማን ያውቃል፣ ብረቱን የምታውቀው አንተ ነህ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብረቱን አውቃለሁ። የአባቷ ፎቶ በመስተዋት ተከቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የልጆች ገዳይ ከሆነ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅለውም፣ ካልሆነም ንገረኝና ልስቀለው ትላለች። አባቷ የሞቱበት ቀን ስለማይታወቅ ዝክራቸውን በግንቦት ልደታ ታደርጋለች። በዚያ ቀን ጎረቤቱ ንፍሮ ቀቅሎ ደጅ ወጥቶ አብሮ ይበላል፤ እኔም ሄጄ እበላለሁ። ሰው ሲቀላለል ጠብቃ አጠገቤ ትቀመጥና ያንኑ ትጠይቀኛለች። አንድ ዓመት «ይተርፉ ነበር» ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሌላ ዓመት ደግሞ «አይተርፉም ነበር» ለማለት ሞከርኩ፤ ያ በድንጋይ የተቀጠቀጠው ብረት ትዝ አለኝና አልቻልኩም። አስካለ አሁን ጸጉሯ ሸብቷል።

ዘንድሮ ናሆምን ይዤው ሄድኩ። እግሩን አይታ ወንበር አመጣችለት፣ ንፍሮም ዘገነችለት። የት ተጎዳህ ብላ ጠየቀችው፣ ነገራት። ሰው ሲቀላለል ወደ እኔ ዞረችና እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ። ታሪኩን የሚያውቀው ናሆም ግን ንፍሮውን እጁ ውስጥ እንደያዘ መናገር ጀመረ።

«እማማ፣ እኛም አንድ ተራራ ላይ ነበርን። የእኛ ጠመንጃ ደህና ነበር፣ ማንም አልሞረደውም። ሲመጡብን ሁላችንም መሐል ላይ አድርገን ለቀቅነው። ጥይቱ ወዲያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግርዎትም። ከሻምበላችን የተረፍነው በጣም ጥቂት ነን።» የተጎዳ እግሩን ዘርግቶ ጨመረ። «አሁን አዲስ ጠመንጃ ሲሰጡ መነጽር አለው፣ አነጣጥራችሁ በነጠላ ተኩሱ ነው የሚሉት። አባትዎ የተሳሳቱ አይመስለኝም። እነዚያ ልጆች ቢለቁትም ባይለቁትም ያው ነበር።»

ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልነግራት ያቃተኝን ልጁ ነገራት ብዬ ደስ አለኝ፤ ፎቶው የሚሰቀልበትን ግድግዳ ሁሉ በዓይኔ ፈለግሁ። አስካለ የእጇን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር፤ ስለሚሰፋት ክር ጠምጥማበታለች። ክሩን ስትነካካ ቆየች።

«ያው ከነበረ» አለችኝ፣ ናሆምን ሳይሆን እኔን፣ «ታዲያ አባቴ ለምን ሄደ?»

ናሆም አቀረቀረ። እኔም የማየው ስላጣሁ ጥፍሬን አየሁ። ባሻ ዳገቱን ሲወጡ ከኋላቸው ታዩኝ፤ ያልተጠገነውን ጠመንጃ አንግተው፣ የልጆቹ ዕዳ አለብኝ ብለው። ዕዳው ከሌለ ያ ዳገት ምን ነበር? ፎቶው እስከዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት፣ «ልጆቹ ይተርፉ ነበር?» የሚለው የድሮው ጥያቄዋ ናፈቀኝ።